የእናቴ ሽንት ካልቸር «አር» በዝቶበታል፤ እስከ ሰኞ ምን ላድርግ?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ቤቶች። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ሽንቷ ሲያቃጥላት ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ትወስዳለች፣ ይሻላታል፣ ብዙም ሳይቆይ ይመለስባታል። አሁን ሐኪሟ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያይ ምርመራ) አዞላት ውጤቱን ዛሬ ተቀበልኩ። «ኢ. ኮላይ፣ ከ100,000 በላይ» ይላል፤ የባክቴሪያው ስምና ብዛቱ ነው። ከሥሩ የመድኃኒቶች ዝርዝር አለ፤ አር የማይሠራው፣ ኤስ የሚሠራው ነው አሉኝ፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን አር፣ ሴፍትሪያክሶን አር፣ ኮትሪሞክሳዞል አር፣ ናይትሮፉራንቶይን ኤስ፣ ሜሮፔነም ኤስ። ጥግ ላይ በእስክርቢቶ «ኢኤስቢኤል» ተጽፎበታል። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። ጎረቤታችን «በቃ ሰውነቷ መድኃኒት ለምዷል፣ ከእንግዲህ መርፌ ብቻ ነው» ብለው አስደንግጠዋታል። እውነት ነው? ወይስ ኤስ ያለውን ከፋርማሲ ገዝቼ ልጀምርላት?

ላብራቶሪ ነኝ፦
አትደንግጪ እህቴ። የለመደው ባክቴሪያው ነው እንጂ የእናትሽ ሰውነት አይደለም። አሠራሩን ልንገርሽ፤ ሽንቱ ሳህን ላይ ይዘራል፣ በማግስቱ የበቀለው ይለያል። ከዚያ ባክቴሪያውን ሌላ ሳህን ላይ በስሱ ቀብተን፣ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ጠዋት ስንከፍተው የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያውን አጽድቶ ጥርት ያለ ክብ ሠርቶ ይገኛል። ክቡን በሚሊ ሜትር ለክተን ከሰንጠረዥ ጋር እናስተያየዋለን። በቂ ስፋት ካለው ኤስ ነው። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ካደገ ግን አር ነው፣ ያ መድኃኒት አይጠቅምም።

ኢኤስቢኤል ደግሞ ባክቴሪያው የሚያመርተው ኢንዛይም ነው፤ ፔኒሲሊንን፣ ሴፍትሪያክሶንንና ዘመዶቻቸውን ሰባብሮ ያከሽፋል። ጂኑ ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ስለሚቀመጥ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው ያቀብለዋል። በዚያው ቀለበት ላይ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ጂኖችም አብረው ይጓዛሉ፤ አር የሚደራረበው አንድም በዚህ ነው።

ፋርማሲስት ከሜክሲኮ፦
«መርፌ ብቻ» የተባለው ልክ አይደለም፤ ናይትሮፉራንቶይን የሚዋጥ ነው። ግን ራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪላቸው። መድኃኒቱ የሚሠራው ፊኛ ላይ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ከሆነ አይበቃም። ኩላሊት ከደከመም አይታዘዝም፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቅርብ የተሠራ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ካለ ሰኞ ይዘሽ ሂጂ፣ ከሌለ ይታዘዝላቸው በይ። ሜሮፔነም ግን በደም ሥር የሚሰጥ የሆስፒታል መድኃኒት ነው፤ ለከፋ ቀን ይቀመጥ።

ዋናው፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ ወይም መቃዠት ካለ ሰኞን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፣ አራት ኪሎ፦
ለጠቅላላ እውቀት፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከሁሉም ባክቴሪያዎች ብዙ ሞት የተቆጠረበት ይኸው ኢ. ኮላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሲፕሮንና ሴፍትሪያክሶንን «በጥንቃቄ ይታዘዙ» ከሚላቸው ምድብ አስገብቷቸዋል። እኛ ጋ ግን ሲፕሮ እንደ ከረሜላ ነው። አዲስ ነገርም አለ፤ ለሴቶች የፊኛ ኢንፌክሽን ጌፖቲዳሲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት በ2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

የልደታው፦
ወንድሜ፣ አሜሪካ ያለው መድኃኒት ለሰኞ አይደርስላትም 😄 እህቴ፣ ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አባቴን ስናሳክም ሌላ ክሊኒክ በሄድን ቁጥር ከዜሮ ነበር የሚጀምሩት። ፎቶውን ማሳየት ከጀመርን ወዲህ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

የፒያሳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትኩሳትም የጎን ሕመምም የላትም፣ ማቃጠሉ ብቻ ነው። ክሪያቲኒን ያለፈው ወር ተሠርቶላታል፣ ወረቀቱን እፈልገዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የተረፈ ሲፕሮ ቤት አለ። ወንድሜ ጉንፋን ይዞት «ስጪኝ» እያለኝ ነው።

ፋርማሲስት ከሜክሲኮ፦
እንዳትሰጪው! ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ሲፕሮ አይነካውም። የሚመታው አንጀቱ ውስጥ ያለውን ደህናውን ባክቴሪያ ነው፤ የተላመደው ብቻውን ሰፊ ቦታ ያገኛል። ትኩስ ነገር ይጠጣ፣ ይተኛ። ለእናትሽም ሰኞ ሌላ መድኃኒት ከታዘዘላቸው፣ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሪ ተሻላቸው ብለሽ መሃል ላይ እንዳታስቆሚ። ካልቸር መድገም ካስፈለገም አዲሱን መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ይሁን፤ ሽንቱ የመሃለኛው ይሁን (የመጀመሪያው ፈሶ ቀጥሎ የሚመጣው)፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ላብራቶሪ ይድረስ።