ያ ማለፍ የማን ነው? የአብርሃም ወይስ የውበቱ?

ቡናማው፦
ትናንት ማኪያቶ ላይ ተጯጩኸን ስለተለያየን እዚህ እንጨርሰው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለብሔራዊ ቡድናችን ለዋልያዎቹ አሰልጣኝ ሲፈለግ፣ ያለፈ ውጤቱ ለመቀጠር ይበቃዋል? እኔ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ታዲያ ሰው በምን ይመዘናል? በከረባቱ? ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም የእኔን ክለብ ኢትዮጵያ ቡናን የሊግ ሻምፒዮን አደረገ። በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ያዘና ካሜሩን ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈን። የሠራ ሰው መልሶ ይሠራል። አለቀ።

ፈረሰኛው፦
ምኑ አለቀ? ያንን ማጣሪያ ማን ጀመረው? አብርሃም መብራቱ። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው እሱ ነው። ከዚያ ውሉ ሳይታደስ ቀረና ውበቱ ተተካ። ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈ፣ እሰየው። ግን የመጨረሻዋን ቀን እናስታውስ እንጂ። አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ታሞ ወደቀ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ። እኛ ስልካችን ላይ አፍጥጠን የማዳጋስካርና የኒጀርን ጨዋታ ነበር የምንጠብቀው። 0 ለ 0 ወጡ፣ አለፍን። እኛ 9 ነጥብ፣ ማዳጋስካር 8። የአብርሃምን 3 ነጥብ ቀንስና ቁጠር እስቲ።

ቡናማው፦
ከ9ኙ 6ቱስ የማን ነው? የውበቱን 6 ቀንሰህ ለምን አትቆጥርም? አንተ የጊዮርጊስ ደጋፊ፣ ለቡና ሰው ምስጋና ስትሰጥ አይቼህ አላውቅም።

ፈረሰኛው፦
እኔም የምልህ እሱን ነው። ሲቪው ላይ ግን “ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈ” የሚለው በአንድ ሰው ስም ነው የሚጻፈው። ሌላው “ውሉ አልታደሰም” ተብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ ነው ሰው የምቀጥረው?

ኮች፦
የሰፈር ልጆች ነው የማሠለጥነው፣ ስለዚህ እንደ ትልቅ ሰው አትዩኝ። አንድ ነገር ግን ከራሴ ልንገራችሁ። ሜዳችን አቧራ ነው። 40 ልጅ አለኝ፣ ኳሱ 3፣ አንዱ ደግሞ ሁሌ እንደተነፈሰ ነው። አንድ ዓመት የክፍለ ከተማውን ዋንጫ በላን። ሰው ሁሉ “ኮች፣ ኮች” አለኝ፣ አንድ ቡድን እንድይዝለትም ጠየቀኝ። እውነቱን ልናገር? አንድ ረጅም ልጅ ነበረኝ። ከማዕዘን የመጣች ኳስ ሁሉ የእሱ ጭንቅላት ላይ ነው የምታርፈው። በቀጣዩ ዓመት ልጁን ክለብ ወሰደው፣ እኛ 5ኛ ወጣን። ልምምዱ ያው ልምምድ፣ እኔም ያው እኔ። የትኛው ዓመት ነው የእኔ ሪከርድ?

ቡናማው፦
ሃሃሃ። ኮች፣ እንዲህ ካልክማ ማንም አይቀጠርም።

ኮች፦
ይቀጠራል። ውጤቱን ሳይሆን የሠራበትን ነገር ነው መመርመር ያለብን። አብርሃምን ራሱን ውሰድ። የመንን ለእስያ ዋንጫ አሳልፎ ነው በ2010 ወደዚህ የመጣው። አገሩ ጦርነት ላይ፣ “የሜዳቸውን” ጨዋታ ኳታር ነው የሚጫወቱት። ያ ከዋንጫ ይበልጥብኛል። እዚህ ሲመጣ ግን ሌላ ተጫዋች፣ ሌላ ፌዴሬሽን፣ ሌላ የሊግ ፕሮግራም ጠበቀው። በፈረንጆቹ ለ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፈም። ሰውየው በአውሮፕላን ላይ ሙያው ጠፋበት?

ጋሼ፦
ልጆች፣ እኔ 31 ዓመት ሙሉ የአፍሪካ ዋንጫን የሌላ አገር አድርጌ ያየሁ ሰው ነኝ። ከ1974 በኋላ ማለቴ ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መልሶ አስገባን። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 2005 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0። ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል አለፍን። ጎረቤቴ የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አቅፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው ዙር አደረሰን፣ ያውም ቅጣት ያለበት ልጅ ተሰልፎ የቦትስዋናን 3 ነጥብ ተነጥቀን። ከዚያ በ2006 ቻን ላይ፣ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የሚደረገው የአፍሪካ ውድድር ላይ፣ 3 ጨዋታ ተሸነፈ፣ አንድም ጎል አላገባንም፣ ተሰናበተ። አሁን እኔ የምጠይቀው፦ ያለፈ ውጤት ለመቅጠር የሚበቃ ከሆነ ለማቆየት ለምን አልበቃም?

ቡናማው፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። መልስ የለኝም።

ፈረሰኛው፦
በእሱ ቦታስ ማን መጣ? ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ። ጋናን አሠልጥኗል ተባለ፣ በቃ አፋችንን ከፍተን ተቀበልነው። ማሊን ባማኮ ላይ 3 ለ 2 አሸንፏል፣ አልካድም። ግን ለአፍሪካ ዋንጫ አላለፈም፣ በዓመቱ ተሸኘ። የፈረንጅ ሲቪ ደግሞ ማንም አገላብጦ አያነበውም፣ ስሙን አይተን ነው የምንፈርመው።

ጆበርግ፦
ስለ ሰውነት ከተነሳ እኔም ላውራ። ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ኔልስፕሩት ወረድኩ፣ 2005፣ የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከዛምቢያ ጋር። የቻምፒዮኗ ዛምቢያ! ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አመለጠው። በረኛችን ጀማል ቀይ አየ። የእኛ ሰው ተናዶ ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወረ፣ እኔ አልወረወርኩም፣ ሰፈር ሙሉ ሊመሰክርልኝ ይችላል። በ10 ሰው ቀርተን 1 ለ 0 እየተመራን አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1። ከዚያ ቡርኪናፋሶ 4፣ ናይጄሪያ 2 አገባብን። ወረቀት ላይ “1 አቻ፣ 2 ሽንፈት፣ ከምድብ ወጣ” ነው። በ10 ሰው የሚለው የት ተጻፈ?

ቡናማው፦
እሺ፣ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ግን ውጤት ከተተወ ምን ይቀራል? ዘመድ ነው የሚቀረው። “ጎበዝ ነው፣ አውቀዋለሁ” የሚል ሰው ነው የሚቀረው። ቁጥር ቢያንስ አያዳላም። በቁጥር ባንሄድ ማላዊ፣ ሊላንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 የደፋውን ውበቱን ማን ያስታውሰው ነበር?

ጋሼ፦
ይሄ ደግሞ እውነት ነው። የዘመድ ነገር ያስፈራል።

ፈረሰኛው፦
ግብፅን የደፋው ሰውዬ ራሱ በ2015 ጊኒ በሁለት ጨዋታ ካሸነፈችው በኋላ ነው ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የተለያየው። ዓመት አልሞላውም። የትኛውን ቁጥር ልያዝልህ?

ኮች፦
ሁለቱንም ያዝ፣ ከዚያ ሰውየውን አስቀምጠህ ጠይቀው። “ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 በገረፈችህ ማግስት ልምምድ ላይ ምን አሠራህ? ማንን አስወጣህ? ለምን?” የሠራ ሰው ይሄን ሲጠየቅ ወንበሩን ወደፊት ስቦ ያወራል፣ የጨው ዕቃና ስኳር ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ። ያልሠራው ስለ ዳኛው ነው የሚያወራው።

ጆበርግ፦
ኮች፣ የዚያን ቀን ዳኛው ግን በእውነት…

ኮች፦
ይኸው! አንተ አልተቀጠርክም።