«ያላጠፋ ካሜራ አይፈራም» ያለው ሰውዬ ይምጣልን

የአቶቴዋ፦
እሁድ እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ፣ የሰፈር ስብሰባ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ስንጮህ ዝር ያላለ ሰው ሁሉ ተገኝቷል። አጀንዳው ካሜራ ነው። በየመታጠፊያው ይሰቀላል፣ ለዚያም በየቤቱ 500 ብር ይዋጣል። ይሁን። እኔ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የተቀዳውን ማን ነው የሚያየው? ስንት ቀንስ ይቀመጣል? መድረክ ላይ የነበረው ሰውዬ ፈገግ አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ያላጠፋ ካሜራ አይፈራም።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ሌባ ሆኜ ቁጭ አልኩ። መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው ማጥፋት የሆነው?

ሆድ የባሰው፦
አንቺን ያናደደሽ ንግግር ነው። እኔ ስልኬን ነው ያጣሁት። ከፒያሳ ወደ አረብ ሰፈር እየሄድኩ በሞተር የመጡ ሁለት ልጆች ከጆሮዬ ላይ መነተፉኝ። ጣቢያ ሄድኩ። «መልካቸውን አይተሃል?» ሄልሜት አድርገዋል። «ታርጋውን ይዘሃል?» ታርጋ የለውም። «እንግዲህ ፍንጭ ካገኘህ ብቅ በል።» ፍንጩን እኔው ልፈልግ? 500 አይደለም 1000 ብር እከፍላለሁ። ይሰቀል!

ባለ ባጃጁ፦
ሄልሜት ያደረገ ልጅ፣ ታርጋ የሌለው ሞተር። ካሜራው ታዲያ ምኑን ያሳይሃል? ሄልሜቱን በጥራት?

ሆድ የባሰው፦
በየት እንደታጠፉ ያሳየኛል። እናንተ ባጃጆች ካሜራ ለምን እንደማትወዱ ግን እናውቃለን።

ባለ ባጃጁ፦
«እናንተ ባጃጆች» ምን ማለት ነው? ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የረሱትን ቦርሳ ሪፈራል ሆስፒታል ድረስ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የቤንዚኑን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሆድ የባሰው፦
እሺ፣ ካንተ በቀር።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። እኔ 27 ዓመት ዩኒፎርም ለብሻለሁ። የሌባ መዝገብ ፍርድ ቤት ደርሶ የሚወድቅበትን ምክንያት ታውቃላችሁ? ምስክር አይመጣም። የተዘረፈው ሰው አንዴ ቃሉን ይሰጣል፤ ቀጠሮ ሲበዛበት ትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዓይኑ ያየው ጎረቤት ደግሞ «ነገም እዚሁ ሰፈር ነው የምኖረው» ብሎ ይሸሻል። እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም። ካሜራ ግን አይፈራም፣ አይረሳም፣ ቀጠሮ አይቀርም። ሰውዬው አነጋገሩ ሻከር ብሎ ይሆናል እንጂ ሐሳቡ ልክ ነው። ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?

የአቶቴዋ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ያንኑ ደገሙልኝ። ምንም ካላጠፉ የመኝታ ቤትዎን መጋረጃ ያውርዱታ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
መንገድና መኝታ ቤት ምን አገናኛቸው?

የአቶቴዋ፦
የእኔ በር መንገዱ ላይ ነዋ! ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ማን አደረ፣ ሁሉም ይታያል። የሚያየው የማን ልጅ ነው? እኮ ይህንን ነው የጠየቅኩት። የሰፈራችን ሐሜት ያለ ካሜራም በደንብ ይሠራል።

የሕግ ተመራቂ፦
የእህታችን ጥያቄ የፍርሃት ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ነው። የግል ሕይወት ጥበቃ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም አይቀመጥም። «ማን ያያል? ስንት ቀን ይቀመጣል?» ማለት አዋጁን በአማርኛ መጠየቅ ነው። ሰውዬው መልስ ከሌለው «የለኝም» ይበል።

ባለ ባጃጁ፦
አንቀጽ 26 ስልክንም ይጨምራል?

የሕግ ተመራቂ፦
ንዑስ ቁጥር 2። በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል።

ባለ ባጃጁ፦
እንግዲያው ስሙኝ። አንድ ማታ አንድ ፍተሻ ላይ አስቆሙኝ። የት እንደሆነ ይቅር። መንጃ ፈቃድ ሰጠሁ፣ ሊብሬ ሰጠሁ። «ስልክህን ክፈት» አለኝ፣ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ልጅ። ከፈትኩ። ፎቶ ገባ። ባለቤቴ በአራስ ቤት የተነሳችው ፎቶ አለ፣ እሱን አልፎ ወደ መልእክት ሄደ። እናቴ በድምፅ የላከችልኝን ጓደኛው እየሰማ አብረው ሳቁ። ስለ እግሯ ሕመም ነው የምታወራው። ከዚያ «ሂድ» አሉኝ። ምንም አላጠፋሁም። ፈርቼ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያላጠፋም ይፈራል ወገን።

የአቶቴዋ፦
ይቺን ለሰውዬው በነገራችሁልኝ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ያ ልጅ አጥፍቷል። ከሥሬ ቢሆን እቀጣው ነበር። ግን የሕግ ተመራቂው ንዑስ ቁጥር 3ን ዘሎብናል። «ወንጀልን በመከላከል» የሚል የለም?

የሕግ ተመራቂ፦
አለ ጋሼ፣ አልዘለልኩም። ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ይህንኑ ዓላማ ይዘው በወጡ ዝርዝር ሕጎች መሠረት ነው የሚለው። የትኛው ዝርዝር ሕግ ነው መንገድ ላይ «ስልክህን ክፈት» የሚለው? እንደ አገር የምንሠራበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የ1954 ነው። ቤት ለመበርበር ማዘዣ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ብሎ ሰዓት ሳይቀር ገድቦታል። ያኔ ስልክ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው። ዛሬ ደግሞ ሰው ቤቱን በሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጄ፣ አንተ ሕጉን ያወቅከው በመጽሐፍ ነው። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ታቦር ተራራ ሥር ሌባ ያባረርኩበት ሕግ ሌላ ነው።

የሕግ ተመራቂ፦
ችግሩ እሱ ነዋ ጋሼ፣ «ሌላ ሕግ» መኖሩ።

ሐዋሳ በልቤ፦
ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። ካሜራው ግድግዳ ላይ ከሚሆን ፖሊሱ ደረት ላይ ይሁን። እዚህ አሜሪካ ሪያልቶ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክረውት በፖሊስ ላይ የሚቀርበው አቤቱታ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። የባለ ባጃጁን ስልክ የከፈተው ልጅ ደረቱ ላይ ካሜራ ቢበራ ኖሮ በሰው እናት ይስቅ ነበር?

ሆድ የባሰው፦
ያው ካሜራ ነው ያመጣኸው። እኔስ ምን አልኩ?

የሕግ ተመራቂ፦
ወንድማችን ከራሱ ከተማ አልጀመረም። ዋሽንግተን ከ2000 በላይ ፖሊሶችን ይዛ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ካሜራ ባደረጉትና ባላደረጉት መካከል በኃይል አጠቃቀምም በአቤቱታም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስና ጓደኞቹም እ.ኤ.አ. በ2020 የደረት ካሜራ ነበራቸው። ዓለም ያየው ግን አንዲት ልጅ በስልኳ የቀረጸችውን ነው። የፖሊሶቹ ቅጂ እነሱ ዘንድ ነበር። አሁንም ወደ እህታችን ጥያቄ ተመለስን፤ ቅጂው ማን ጋ ነው?

ሐዋሳ በልቤ፦
ይህን አልክድም። በዲትሮይት ከተማ በአንድ ሰው ላይ የደረሰውንም እኔው ልጨምርልህ። ሰውየው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ልጆቹ እያዩ ታሰረ። ኮምፒውተር ነው ፊቱን ከአንድ የእጅ ሰዓት ሌባ ፊት ጋር «ይመሳሰላል» ያለው። 30 ሰዓት ገደማ ታስሮ ወጣ። ምንም አላጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማው 300 ሺህ ዶላር ካሰው፤ በኮምፒውተር የፊት ልየታ ብቻ ሰው ማሰርም ቀረ።

ባለ ባጃጁ፦
300 ሺህ ዶላር! እኔንም ምነው ተመሳሰልክ ባሉኝ።

ሆድ የባሰው፦
ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ ለአቶቴ ማሰብ ጥሩ ነው። የኔን 500 ብር ላክልኝና ቀጥል።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ፖሊሱ ደረት ላይ ካሜራ እናንጠልጥል ትላላችሁ። ጫማውን አይታችኋል? ሌሊት ሲደወልለት መኪናው ነዳጅ የለውም። ከደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለወሩ የሚተርፈውን እኔ አውቃለሁ። ልጁ ታሞ እናንተን ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ነው። ተሰድቦ ይውላል፣ ተሰድቦ ያድራል። አሁን ደግሞ እንደ ሌባ ቀኑን ሙሉ ይቀረጽ ነው?

ሆድ የባሰው፦
ለዚህ ነው ታዲያ ሻይ የምትሉን?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ማንን ነው «የምትሉን» የምትለው? በ27 ዓመት የማንንም ሻይ ጠጥቼ አላውቅም! ስድ!

ባለ ባጃጁ፦
ጋሼ ለምን ተቆጡ? ያላጠፋ አይፈራም እኮ።

የአቶቴዋ፦
ኧረ ተው፣ ሳቄን አመጣኸው።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ሳቁ። ሌሊት በራችሁ ሲንኳኳ የምትደውሉት ለማን እንደሆነ እናያለን።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጋሼን «እንደ ሌባ ይቀረጽ ነው?» ያሰኛቸው ስሜት ልጅቷን እሁድ ከተሰማት ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ቅር ያላቸው ሳይጠየቁ መጠርጠራቸው ነው። እኛ ሲዳማ ዘንድ አፊኒ አለ። ቃሉ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ ፍርድ የለም። መድረክ ላይ የነበረው ሰውዬ አልሰማም፣ ፈረደ።

ሆድ የባሰው፦
የሞተር መንታፊውን በአፊኒ ልትይዙልኝ ነው? «ሰማህ ወይ?» ስትለው ሁለተኛ ማርሽ ገብቷል።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ቀልድ። መንታፊውን ያዘው አላልኩም። ተሰብሳቢውን ስማው ነው ያልኩት።

ሆድ የባሰው፦
እኔንስ ማን ሰማኝ? ስልኬ ውስጥ የሟች አባቴ ፎቶ ነበር። ሁላችሁም ስለ ቅጂው ትከራከራላችሁ፤ የተዘረፈው ሰው መብት የትኛው አንቀጽ ላይ ነው? ጨለማ ውስጥ ብቻዬን የቆምኩት እኔ ነኝ።

የአቶቴዋ፦
ስለ ስልክህ ከልብ አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። ካሜራ አይሰቀል ግን አላልኩም። አንዴም አላልኩም። ከላይ ተመልሰህ አንብብ። የሚያየው ሰው ይታወቅ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ይጠፋል ተብሎ በወረቀት ይጻፍ። ይኸው ነው።

ሆድ የባሰው፦
ወረቀት እስኪጻፍ ሌባው ያገባል፣ ይወልዳል።

ባለ ባጃጁ፦
አንድ ጥያቄ። መብራት ሲጠፋስ? የኛ መስመር እኮ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማታ ማታ የለም። ሌባም ያኔ ነው የሚወጣው።

የሕግ ተመራቂ፦
ባትሪ ይኖረዋል መሰለኝ።

ባለ ባጃጁ፦
የባትሪው መዋጮ ስንት ነው?

አድሚን፦
ስድብ ይቁም። «ስድ» የሚለውን ሰርዣለሁ። የ«ሻይ»ዋንም ሰርዣለሁ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
እኔን የሰደበኝን ሰርዘህ የኔን መልስ ለምን ሰረዝክ? ይህ ነው ፍትሕ?

አድሚን፦
ጋሼ፣ ሁለቱንም እኩል ነው የሰረዝኩት።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
አድሚን፣ የሰረዝከው ግን ማን ጋ ይቀመጣል? ስንት ቀን?

አድሚን፦
ኧረ በናታችሁ!

ሆድ የባሰው፦
ለመሆኑ ይህን ሁሉ ከምናወራ፣ ከመካከላችሁ 500 ብሩን የከፈለ አለ?

የአቶቴዋ፦
እኔ ትናንት ከፈልኩ።

ባለ ባጃጁ፦
አንቺ?!

የአቶቴዋ፦
ምን ላድርግ፣ ያልከፈለ ሰው ስሙ ይለጠፋል ተባለ።

ባለ ባጃጁ፦
ደረሰኝስ ሰጡሽ?

የአቶቴዋ፦
«ማክሰኞ ብቅ በይ» አሉኝ።