ክርክር፦ ሰልባጅ ይከልከል ወይስ ቀረጥ ተከፍሎበት ይግባ?

አወያይ፦ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያገለገለ ልብስ ማስገባትን እስከ 2019 ደረጃ በደረጃ እናስቀራለን ብለው ነበር። አቋሟን ያልለወጠችው ሩዋንዳ ብቻ ናት። እኛ ጋ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ግን በየገበያው ተዘርግቶ ይቸበቸባል። ማን ትክክል ነው? የሚሳደብ ይሰረዛል።

ድርና ማግ፦ ይከልከል፣ ያውም በደንብ። አንድ ሸሚዝ ማለት ጥጥ መዳመጥ፣ ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለም፣ ስፌት ነው፤ በየደረጃው እንጀራ የሚበላ ሰው አለ። ሰልባጁን ግን ባለቤቱ በነጻ ነው የጣለው። ዋጋው የመሰብሰቢያ፣ የመለያና የመርከብ ብቻ ነው። ጥጥ ገዝቶ፣ መብራት ከፍሎ፣ ደመወዝ የሚከፍል ፋብሪካ ከዚህ ጋር በምን ሒሳብ ይወዳደራል?

የኪሎ ሒሳብ፦ ሩዋንዳ «ከለከለች» ይባላል እንጂ ያደረገችው ቀረጥ መቆለል ነው። በኪሎ 0.20 ዶላር የነበረውን 2.50 አደረሰችው። 45 ኪሎ በሚመዝን ቦንዳ (ተጨምቆ የታሰረ የልብስ ጥቅል) ላይ ሲሰላ ከ9 ዶላር ወደ 112.50 ዶላር ዘለለ ማለት ነው። ቀረጥ በኪሎ ሲሆን ደግሞ የሚመታው ከባዱን ልብስ ነው፦ 700 ግራም ጂንስ 1.75 ዶላር ሲጣልበት 150 ግራም ካናቴራ 0.38 ገደማ ነው። አስመጪው ምን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም፤ ብርድ የሚከላከለው ኮት ይቀርና ስስ ካናቴራ ይጎርፋል። አሜሪካም ዝም አላለችም፤ በ2018 ሩዋንዳ በአጎአ (የአፍሪካ አገሮች ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲልኩ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ልብስ የምትልክበትን ዕድል አገደችባት። ኬንያ ዛቻውን ስትሰማ ነው ያፈገፈገችው።

መርካቶ ዳር፦ ወንድሜ ድርና ማግ፣ የምትላቸው ፋብሪካዎች የትኞቹ ናቸው? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ሥራው በዋናነት ጨርቅ ከውጭ አስገብቶ፣ ሰፍቶ፣ መልሶ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ለእኔና ለአንተ ሸሚዝ አልሰፋም። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎአ ስትወጣ ትዕዛዙ ሳሳ። ገዳዩ ሰልባጅ ነው እንዳትለኝ፣ ሰልባጅማ ያኔም ክልክል ነበር! ሰልባጁ ቢጠፋ ቦታውን የሚይዘው ከቻይና የሚመጣ አዲስ ፖሊስተር ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ስፌቱ የሚተረተረው።

ድርና ማግ፦ ክልክል ነበር እንጂ መች ቆመ? በሶማሌላንድ ድንበር በቶጎ ውጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ ሲገባ ቀረጥም የለው፣ ፍተሻም የለው። ያልተተገበረ ሕግ አይሠራም ብሎ መፍረድ አይቻልም።

የአክራ ጉዳይ፦ ሁላችሁም ስለ ዋጋ ታወራላችሁ፤ ቆሻሻውስ? የጋና ዋና ከተማ አክራ ካለው ካንታማንቶ የሰልባጅ ገበያ የሚመጣው ቦንዳ 55 ኪሎ ያህል ሲሆን እንደታሰረ ነው የሚሸጠው። ነጋዴዋ የምታየው ከከፈለች በኋላ ነው። ማሰሪያው ሲቆረጥ ንጹሁ ወዲያው ይነጠቃል፣ መካከለኛውን ልብስ ሰፊዎች ያጥቡታል፣ ያቀልሙታል፣ ልኩን ያጠቡታል፤ ላብ ያቢጫጨውና የተቀደደው ይጣላል። በዝናብ ጎርፍ ተጠምዝዞ ባሕር ዳር የሚገኘው እሱ ነው። እዚያ የሚሠራ አንድ ድርጅት 40 በመቶው ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል ይላል፣ የጋና ነጋዴዎች ማኅበር ደግሞ ከ5 በመቶ አይበልጥም ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ የሚመጣው መቼ ትቆጥራለህ ከሚለው ነው፦ ቦንዳው እንደተከፈተ ወይስ ሳምንት ሙሉ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ገዢ ሲያጣ?

መርካቶ ዳር፦ የተረፈው እኮ የጋራዥ መወልወያ ይሆናል።

የአክራ ጉዳይ፦ ጥጥ ከሆነ አዎ። ፖሊስተር ውሃ እንደ ጥጥ አይመጥም፣ ያንሸራትታል እንጂ። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለውማ ባሰ፤ ክሩን ለይቶ እንደገና መፍተል ውድ ስለሆነ ማንም አይነካውም። አሁን ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2025 ጀምሮ አባል አገሮች አሮጌ ጨርቅን ከሌላው ቆሻሻ ለይተው እንዲሰበስቡ ግድ ሆኗል። ድሮ ቆሻሻ ገንዳ ይገባ የነበረው አሁን ሰልባጅ ሆኖ ይቆጠራል። መድረሻውን እናንተው ገምቱ።

ድርና ማግ፦ ታዲያ ይኸው፣ ከእኔ ጋር ነሽ!

የአክራ ጉዳይ፦ አይደለሁም። ይግባ፣ ግን እዚያው ላኪው አገር ውስጥ ተለይቶ፣ ቦንዳው ላይ ዓይነቱና ደረጃው ተጽፎ። የማይለበስ ከተገኘ መመለሻውን ላኪው ይክፈል።

የኪሎ ሒሳብ፦ እህቴ፣ ወደቡ ላይ ማን ይፈትሸው? ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 24 ቶን ቢይዝ 45 ኪሎ ቦንዳ 530 ያህል ነው። ከ50 አንዱን ብቻ እንክፈት ብንል እንኳ አሥር ቦንዳ ይፈታል። ተጨምቆ የታሰረ ልብስ ደግሞ ማሰሪያው አንዴ ከተቆረጠ ያብጣል፤ መጭመቂያ ማሽን ከሌለ ተመልሶ ኮንቴይነር አይገባም። የማሽኑን፣ የሠራተኛውንና ኮንቴይነሩ የሚቆምበትን ኪራይ ቀረጡ ውስጥ ካልጨመርሽ ፈታሹ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ማኅተም ይመታል።

የአክራ ጉዳይ፦ ይጨመራ! በኪሎ 2.50 ዶላር መጣል ከተቻለ አሥር ቦንዳ መፍቻ ይጠፋል?