የሦስተኛው ሰሌዳ ጉዳይ፦ ማዳጋስካርን በሙሉ ቀይ አንቀባም

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዐውደ ርዕዩን ፕሮፖዛል ዓርብ እናስገባለን። የቀረን ስለ ማዳጋስካር እንቁራሪቶች የሚናገረው ሦስተኛው ሰሌዳ ነው። ርዕሱ በአንዱ እንቁራሪት ሳይንሳዊ ስም «ዲስኮፈስ ኢንሱላሪስ» ይሁን፤ ከሥሩ ማዳጋስካር በሙሉ ቀይ የተቀባ ካርታ። ኢንሱላሪስ «የደሴት» ማለት ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ካርታው ላይ አልስማማም። ማዳጋስካር እኮ የኢትዮጵያን ግማሽ ታክላለች! ኢንሱላሪስ የሚገኘው በምዕራቡ ቆላ ነው። አገሩ ደረቅ ነው፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል በሚያቁረው ውሃ ይራባል። እርጥቡ ምሥራቅ የዘመዶቹ ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ግራንዲዲየ በ1872 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ሲያወጣለት ከወገኑ ከዲስኮፈስ የሚታወቅ ሌላ ዝርያ አልነበረም። ጉኢኔቲ የተባለውን ዝርያ በ1875፣ አንቶንጊሊ የተባለውን በ1877 ጨመረ። ሦስቱም የደሴቲቱ ልጆች ሆነው ስሙ ለአንዱ ብቻ ቀረ።

ጸሐፊዋ፦ ቲማቲም የሚመስለውስ የቱ ነው? ፎቶውን አስገብቼዋለሁ።

መምህሩ፦ እሱ አንቶንጊሊ ነው፤ አውጪው። ኢንሱላሪስ ቡናማ ቢጤ ነው። ቀዩ ያለው በሰሜን ምሥራቅ፣ በአንቶንጊል ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። ማሮአንትሴትራ ከተማ ቦይና ጓሮ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። ጠላት ሲይዘው ቆዳው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። ልጆቹ ይህን ይወዱታል፤ ይግባ። ጉኢኔቲም የምሥራቅ ነው፤ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል። የሁለቱ ዘረ መል በጣም ስለሚቀራረብ «በእርግጥ ሁለት ዝርያ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል።

ገንዘብ ያዡ፦ ጥያቄው ካለማ ሁለቱን በአንድ ፍሬም አድርጓቸው። ሦስት ትልልቅ ሥዕል አንችልም።

መምህሩ፦ ለሳይንሱ ሳይሆን ለኪስህ ነው ያልከው፤ ግን ያስኬዳል። ስማቸው ግን ለየብቻ ይጻፍ።

ሰብሳቢው፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ አገር ይሄ ጠባብ አፍ የምትሉት የእንቁራሪት ቤተሰብ የለም?

መምህሩ፦ አለ እንጂ ጋሼ። ፍራይኖማንቲስ ሶማሊከስ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ውስጥ ይገኛል። ቤተሰቡ ያው የጠባብ አፎቹ፣ ማይክሮሃይሊዴ የሚባለው ነው፤ ወገኑ ግን ሌላ። እንደ እርስዎ ያለ ጠያቂ ስለማይጠፋ ከታች አንድ መስመር እንስጠው።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «አንድ ካርታ፣ ሁለት ቀለም፤ ምዕራቡ ለኢንሱላሪስ፣ ምሥራቁ ለሁለቱ። ቀለሙ የሚገኙበትን ቦታ ብቻ ይሸፍናል፤ መሐሉ ነጭ ይቀራል።» የእንቁራሪቶቹ ንግድስ?

መምህሩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ በተወሰነው መሠረት ሦስቱም በሳይትስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቀዩ በፊት ይበልጥ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ላይ ነበር።

ገንዘብ ያዡ፦ ነጩ መሐል ቀለም ይቆጥባል። ተስማምቻለሁ።