ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን ራመን የት እንብላ?

ቶኪዮ የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ "ራመን የት ልብላ?" ይለኛል። ራመን ፓስታ የመሰለ ኑድል በመረቅ የሚቀርብበት የጃፓን ምግብ ነው። እኔም መልሼ "አሳማ ትበላለህ?" እለዋለሁ። ከኛ አገር ሰው አብዛኛው አይበላም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ አሥር" ተብለው ከሚዘረዘሩት ቤቶች ብዙዎቹ ገና ከጅምሩ ይሰረዛሉ። ስለዚህ ይህ ጥቆማ ለኛ ሰው ነው፤ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ጾምም ይሁን ፍስክ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ኢኬቡኩሮ አካባቢ ስምንት ወንበር ብቻ ያላት ቤት ነበረች። በሯ ላይ ሰልፍ አየሁና እኔም ቆምኩ። 40 ደቂቃ ጠበቅኩ። ስገባ የቲኬት ማሽን ተገትሯል፤ ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ፣ ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ከላይ በግራ በኩል ያለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋና ምግብ እንደሆነ ሰምቼ ስለነበር እሱን ተጫንኩ። ምግቡ መጣ። መረቁ ጥርት ያለ ቡናማ ነው፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፋል፣ ከላይ ሁለት ስስ የአሳማ ሥጋ ተኝቶበታል። ሥጋውን ወደ ጎን አድርጌ መረቁን ልጠጣ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በስልኩ ተርጉሞ አሳየኝ። መረቁም ከዶሮና ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነው። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ከባንኮኒው ማዶ ያለው ሰውዬ ሙሉውን ሳህን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። ሰው ስንት ሰዓት ቆሞ የቀቀለውን ሳይነኩ ትቶ መውጣት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለው ነገር ይሄ ነው። ሾዩ፣ ሺዮና ሚሶ የሚባሉት የማጣፈጫው ስም ናቸው። ሾዩ አኩሪ አተር ሶስ ነው፣ ሺዮ ጨው ነው፣ ሚሶ ደግሞ የተብላላ የአኩሪ አተር ድልህ ነው። አጥንቱ የምን እንደሆነ አይነግሯችሁም። ቶንኮትሱ ከተባለ ግን ጥያቄ የለውም፤ እንደ ወተት እስኪነጣ ድረስ የተቀቀለ የአሳማ አጥንት ነው። ጥርት ያለ መረቅ ስላያችሁ ብቻ አሳማ የለበትም ብላችሁ አትመኑ። እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው። ሁለት ቃል ያዙ፤ "ቶሪ" ዶሮ ነው፣ "ቡታ" አሳማ። "ቻሹ" ሲባል ደግሞ ከላይ የሚደረደረው ሥጋ ነው፣ ዶሮ መሆኑ ካልተጻፈ በቀር አሳማ ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ያለው ቲስ ታንታን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሁዳዴን ባዕድ አገር የጾመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ምግብ ቤት ገብቶ "ይሄ ምን አለበት? ያኛውስ?" እያሉ አስተናጋጅ ማድከም የለም፣ ከምናሌው ያሻችሁን ማዘዝ ነው። የሰሊጡን ታንታንሜን፣ ማለትም የሚያቃጥለውን የሰሊጥ ራመን፣ እዘዙ። ሰሊጡ መረቁ ውስጥ ሲሟሟ መልኩ ሱፍ ፍትፍት ይመስላል፤ ወፈር ያለ ነው፣ ከላይ ቀይ የበርበሬ ዘይት ጠብ ጠብ ተደርጎበታል። መጀመሪያ ሰሊጡ ይመጣል፣ ማቃጠሉ ቆይቶ ከኋላ ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ቤቱ ከባቡሩ ቲኬት መፈተሻ በር ውስጥ ነው። ባቡር ስትቀይሩ ግቡበት።

ለሙስሊም ወገኖቻችን አሳኩሳ ውስጥ ናሪታያ አለ፣ ኦካቺማቺ ደግሞ አያም ያ። ሁለቱም ሐላል ናቸው። አያም በማላይ ቋንቋ ዶሮ ማለት ነው፣ መረቁም የዶሮ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ናሪታያን እላለሁ። ሴንሶጂ የሚባለው ትልቁ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ቅርብ ስለሆነ በአንድ ቀን ራመኑንም ቤተ መቅደሱንም ታያላችሁ።

አፉሪን ብዙ ሰው ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤቢሱ ላይ የተከፈተ ቤት ነው፣ አሁን ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ዝነኛ ያደረገው ዩዙ ነው፤ በሎሚና በመንደሪን መካከል ያለ ፍሬ። ሳህኑ ገና ሳይደርስ ሽታው ይቀድማል። መረቁ ከዶሮና ከባሕር ምግብ ነው፣ ግን ከላይ በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ያደርጉበታል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ራመንም ስላላቸው እሱን እዘዙ።

ሺንጁኩ ያለው ፉንጂ ለሰልፍ ትዕግሥት ላለው ነው። ኑድሉ ለብቻ፣ መረቁ ለብቻ የሚቀርብበት ጽኬሜን የሚባለው ዓይነት ነው፤ እያጠቀሱ ይበላል። ወረፋው ቤቱ ውስጥ ከሚበሉት ሰዎች ጀርባ ግድግዳውን ታኮ ይቆማል። ሰው ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ መብላት ለኛ ሰው ይከብዳል፣ "ና ብላ" ማለት ያምረናል። መረቁ የዶሮና የዓሣ ነው፣ ሥጋው ግን አሳማ ነው። "ቻሹ ኑኪ ዴ ኦኔጋይሺማስ" በሉ፣ ያለ ቻሹ አድርጉልኝ ማለት ነው። አሳማው ፈጽሞ እንዳይነካብኝ የሚል ሰው ግን ይለፈው።

ኢቺራን ዓይን አፋር ለሆነ የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ ወንበር ግራና ቀኙ በሰሌዳ ተከልሏል፣ ትዕዛዙም ወረቀት ላይ ምልክት በማድረግ ነው፣ እንግሊዝኛም አለው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ላደገ ሰው ግን ቅር ይላል። መረቁም ቶንኮትሱ ነው። ምዕራብ ሺንጁኩ ያለው ቅርንጫፍ ግን ያለ አሳማ አጥንት ይሠራል፣ እሱን ፈልጉ። ራመን ጂሮን ዝለሉት፤ ከ1968 ጀምሮ ስሙ የገነነ ቢሆንም ተራራ የሚያክለው ሳህን መሠረቱ አሳማ ነው።

ትንሽ ቤት ስትገቡ አካሄዱ ይሄ ነው። አንዳንዱ ቤት መጀመሪያ ቲኬት ቆርጠህ ተሰለፍ ይላል፣ ሌላው ተሰልፈህ ስትገባ ቁረጥ ይላል። ፊታችሁ ያለው ሰው የሚያደርገውን አድርጉ። 1,000 የን ኖት በኪሳችሁ ይኑር፤ ማሽኑ ካርድና ትልልቅ ኖት የማይቀበልበት ቤት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣውን አዲሱን የየን ኖት የማይወስድ አሮጌ ማሽንም አጋጥሞኛል፣ አሮጌውንም ቀላቅላችሁ ያዙ። አንድ ሳህን 1,000 የን ገደማ ነው። ጉርሻ አይሰጥም። ለጓደኛ ቦታ አይያዝም፤ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ተለያይታችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ውኃ ራሳችሁ ቅዱ፣ ቦርሳ ከወንበሩ ሥር ባለው ቅርጫት ይገባል።

ኑድሉ ሲመጣ ፎቶ ማንሳቱን አሳጥሩት፣ ቶሎ ይልፈሰፈሳል። ድምፅ አውጥታችሁ ሳቡት። እናቴ "አፍህን ገጥመህ ብላ" ብላ ስላሳደገችኝ መጀመሪያ አፈርኩ፤ እዚያ ግን ነውር አይደለም። ደግሞም የሚፋጀውን ኑድል ከአየር ጋር ስትስቡት ይበርዳል፣ ሽታውም ይወጣል። በ15 ደቂቃ ጨርሱ፣ ውጭ ሰው ቆሟል። ሳህኑን ከፍ ወዳለው ባንኮኒ አንሱና ፊታችሁ ያለውን ጠረጴዛ በጨርቁ ጠረግ አድርጉለት። ስትወጡ "ጎቺሶሳማ ዴሽታ" በሉ፣ ጠግቤአለሁ አመሰግናለሁ እንደማለት ነው። ከእንፋሎቱ ማዶ ጮክ ብለው ይመልሱላችኋል።

መረቅ ካለቀ ደግሞ ቤቱ በጊዜ ይዘጋል፣ ሰዓት አይጠብቅም። ብዙዎቹ በኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ። እኔ አሁን ሩብ ሰዓት ቀደም ብዬ ነው በራቸው ላይ የምቆመው።