«ትራንስፎርሜሽን» ወይስ «ለውጥ»?

የዕቅድ ባለሙያ፦ «ትራንስፎርሜሽን» ከመንግሥት ሰነዶች ወጥቶ «ለውጥ» ይተካው በሚለው ሐሳብ አልስማማም። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተተገበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በቃሉ ሊገልጽ የፈለገው በግብርና ላይ የቆመው ኢኮኖሚ ኢንዱስትሪ ወደሚመራው ኢኮኖሚ እንዲያልፍ ነው። «ለውጥ» ግን ለአየር ጠባይም ለሹመትም ይነገራል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህማ «ለውጡ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የፖለቲካውን ነው። «ሽግግር» እንዳንል ደግሞ ቃሉ ከ1983ቱ የሽግግር መንግሥት ጋር ተጣብቋል።

ተርጓሚ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም የቃል ስፋት ጉድለት አይደለም። ግእዙ «ወለጠ» የሚለውን አማርኛ ፊደላቱን አቀያይሮ «ለወጠ» ብሎታል፤ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የደብረ ታቦር ምሥጢር፣ ከዚህ የጠለቀ መለወጥ የሌለው፣ በማቴዎስ ወንጌል የተነገረው «በፊታቸውም ተለወጠ» ተብሎ ነው። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህን ሲሰጥም ሥሩ ያው ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ግን አላየሁም። ጥብቅ ሙያዊ ፍቺ ካስፈለገም የደኅንነተ ሕይወት ሕጋችን በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጠውን ፍጡር «ልውጥ ሕያው» ብሎ ሰይሞታል። ለእርስዎ ጉዳይ «መዋቅራዊ ለውጥ» ማለት ምን ያጎድላል?

ይህን አጥብቄ የምናገረው በአንድ የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ባየሁት ነገር ነው። የዕቅዱ ስም በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ማብራሪያው ካለቀ በኋላ አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ትራንስፎርመሩ የሚተከለው ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ሲሉ ጠየቁ። መንደሩ መብራት አልነበረውም፤ ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ በጽሞና ያዳመጡት መብራት ሊገባ ነው ብለው ነበር። እኔ እንደ ተርጓሚ ያፈርኩት በቋንቋችን ነው እንጂ በእሳቸው አይደለም።

የዕቅድ ባለሙያ፦ በስብሰባና በሬዲዮ «መዋቅራዊ ለውጥ» እንዲባል እቀበላለሁ። ነገር ግን እንደ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ያሉ የተቋማት ስሞች በሕግና በውል የገቡ ስለሆኑ ባሉበት ይቆዩ።

ተርጓሚ፦ ስሙ ይቆይ፤ አዲስ የሚጻፈው ዕቅድ ግን ከርዕሱ ጀምሮ እኒያ አባት ሰምተው በሚረዱት አማርኛ ይጻፍ።