ከፋሲካ በኋላ ወደ ቱርሚ፦ መኪና የለንም፣ 9 ቀን አለን። ምን ትላላችሁ?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ደቡብ ኦሞ ልንሄድ ነው። ሁለታችንም ከሐዋሳ አልፈን አናውቅም። ፈቃድ ያገኘሁት ለዚያ ሰሞን ብቻ ነው፤ ቀኑ ይቀየርልኝ ብዬ አለቃዬን ሁለተኛ ለመጠየቅ ወኔው የለኝም። ከማክሰኞ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ፣ በጠቅላላው 9 ቀን።

ወረቀት ላይ የጻፍነው ይሄ ነው፦ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ማጎ፣ ሙርሲ፣ ዲመካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ። መኪና የለንም። ይሄ ሁሉ በ9 ቀን ይሆናል? ዝናቡስ? ለወባ ምን እንያዝ? ሁለት ሴቶች ብቻችንን መሆናችንስ ችግር አለው? እናቴ ከወዲሁ ስለት ገብታለች። እባካችሁ የሄደ ሰው ይንገረን።

ባለ ላንድክሩዘሩ

እህቴ፣ እዚያ መንገድ ላይ 11 ዓመት ቱሪስት ጭኜ ተመላልሻለሁ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለኝ ከተማ ውስጥ ነው የምነዳው። ዝርዝርሽን ሳየው የድሮ እንግዶቼ ትዝ አሉኝ። ጠዋት የሙርሲ ብሔረሰብ፣ ከሰዓት ሐመር፣ በማግስቱ ዳሰነች። ማታ ራት ላይ "ይሄን ፎቶ የት ነው ያነሳሁት?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነበር።

ግማሹን ሰርዢው። መጀመሪያ ማጎ ፓርክና ሙርሲ ይውጡ። ከጂንካ መኪና ኮንትራት መያዝ አለባችሁ፣ ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ የሚያዝያ ጭቃው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የገንዲ ዝንብም አለ። ይሄ ዝንብ ጥቁርና ሰማያዊ ነገር ይወዳል። አንድ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ጃኬት የለበሰ እንግዳ ይዤ ገባሁ። ዝንቦቹ እኛን ትተው እሱ ትከሻ ላይ ተደረደሩ። በጨርቁ ላይ ነው የሚነክሱት። ሰውየው በዚያ ሙቀት ጃኬቱን አውልቆ መቀመጫ ስር ከተተው፣ ዝንቦቹም ተከትለውት መቀመጫ ስር ገቡ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ስቀበል መጀመሪያ የማየው ልብሱን ነው። ወደ ማጎ ባትሄዱም ካኪ ወይም ነጣ ያለ ልብስ ያዙ፤ ለፀሐዩም ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። እዚያ አገር ጉዞ የሚታቀደው በገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። በገበያ ቀን ሰው ከየመንደሩ ስለሚወጣ መንደር ለመንደር መዞር አያስፈልጋችሁም። ለእናንተ ደግሞ መኪና የሚገኘው ያኔ ነው። በሌላ ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ፍየል ስትቆጥሩ ትውላላችሁ።

የእናንተ ቀን ለዚህ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ማክሰኞ በሌሊት ተነስታችሁ አርባ ምንጭ እደሩ። ረቡዕ ጂንካ የሚሄድ መኪና ያዙና ቀይ አፈር ውረዱ። ከኮንሶ ወደ ወይጦ ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታችኋል። ቀይ አፈር ግን መልሶ ከፍ ይላል፣ ሌሊት ሹራብ ያስፈልጋል። ሐሙስ ገበያው ላይ ዋሉ። በጠዋት አትሂዱ፤ ሰው ከሩቅ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው የሚደምቀው። በና፣ ፀማይ፣ አሪ ሁሉንም እዚያው ታያላችሁ። ዓርብ ለቅዳሜው ገበያ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ወደ ዲመካ አይጠፋም፤ ጋቢና ጠይቁ። ከዲመካ ቱርሚ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሁድ ቱርሚ አርፋችሁ ሰኞ ገበያውን እዩ። ማክሰኞ በአርቦሬ በኩል ወደ ኮንሶ፣ አርባ ምንጭ። ረቡዕ ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን ተመለሱ። ገንዘብ የምታወጡበት ነገር ካለ እዚህ ላይ አውጡ፤ መንገድ ግማሽ ቀን ቢበላባችሁ ሥራ አትቀሩም።

ኦሞ ወንዝ ዳር ያለችውን የዳሰነቾች ከተማ ኦሞራቴን ጊዜ ካገኛችሁ ብቻ። የኦሞ ውሃ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ያፈናቀለበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ቱርሚ ስትደርሱ ጠይቁ።

ስለ ዝናቡ። አዲስ አበባ ክረምት ሲሆን እዚያ ብዙም አይዘንብም። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ትንሹ ጥቅምትና ኅዳር። ስለዚህ ቀጥታ ዝናብ ውስጥ ነው የምትገቡት። ዝናቡ ራሱ ቀላል ነው፣ ወንዙ ነው ጉዱ። ቱርሚ አጠገብ ካስኬ የሚባል አለ። ወንዝ ሲባል ውሃ እንዳትጠብቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። አንድ ሚያዝያ ላይ ልሻገር ዳር ደረስኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አሸዋው ደረቅ። ወዲያ ማዶ ቦርኮቶው (ትንሽ የእንጨት በርጩማው) ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳይነሳ እጁን አወዛወዘብኝ። ሰላም የሚለኝ መስሎኝ እኔም አወዛወዝኩ። ሞተር ሳጠፋ ነው የሰማሁት። ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ነገር። ትንሽ ቆይቶ ቡናማ ውሃ ደረቅ ግንድ እየገፋ፣ ፊቱ ላይ አረፋ ተሸክሞ መጣ። ቡስካ ተራራ ላይ ዘንቦ ኖሯል። 5 ሰዓት ቆምን። አንዱ ሾፌር "ወርዷል" ብሎ ቀድሞን ገባ፤ ውሃው እውነትም ወርዷል፣ እርጥቡ አሸዋ ግን ጎማውን እስከ መሃል ዋጠው። በገመድ ስናወጣው መሸ።

ስለዚህ የያዛችሁት ሾፌር ውሃ ዳር ደርሶ ቢጣደፍ ውረዱ። የአገሬው ሰው በእግሩ ሳይሻገር ማንም አይግባ።

ገንዘብ በዝርዝር ያዙ፣ ባለ 10ና ባለ 50። ኔትዎርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም አብረው ይጠፋሉ። መታወቂያ ኬላ ላይ ይጠየቃል። የጸጥታውን ነገር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊትም አርባ ምንጭ መናኸሪያም አጣሩ፤ ሾፌሮች "ዛሬ አትሂዱ" ካሏችሁ እዚያው እደሩ፣ አዞ እያያችሁ።

ፋርማሲ ቤት

ስለ ወባው ልጨምር። የአዲስ አበባ ሰው ወባ ስለማያውቀው ይንቀዋል። ልጅነታችሁን ቆላ ብታሳልፉ እንኳ ሰውነት የለመደውን ይረሳል።

ለመከላከያ እዚህ በቀላሉ የሚገኘው ዶክሲሳይክሊን ነው፣ 100 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ። ከመሄዳችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀመራል፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ያቆመዋል። ምግብ በልታችሁ፣ በደንብ ውሃ ጠጥታችሁ ዋጡት። ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ያቃጥላል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይረሳ። እርጉዝ ከሆናችሁ አይሆንም፣ ሌላ አለ፤ በማንኛውም ሁኔታ ሐኪም አማክሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ሌላ ነገር ነው፣ ስሙ አያምታታችሁ። ደቡብ ኦሞ በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወረርሽኝ ነበረበት። ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው።

አጎበር የራሳችሁን ያዙ። የእንግዳ ማረፊያው አጎበር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ተቀዷል፣ ትንኟ ደግሞ ቀዳዳውን ከእናንተ በፊት ታውቀዋለች። መርፌና ክርም አይከፋም።

የዲመካ ልጅ

እኔ እዚያው ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ አሁን ትምህርት ላይ ነኝ። ባለ ላንድክሩዘሩ ያለው ልክ ነው፣ በተለይ የሽማግሌው እጅ (ምናልባት አጎቴ ይሆናል 😄)።

ካሜራ ይዛችሁ ገበያ ስትገቡ መጀመሪያ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ቅቤ ግዙ፣ ማር ቅመሱ፣ ቅል ጠይቁ። ከገበያው ጥግ ሾፎሮ የምታፈላ ሴት ካገኛችሁ ቁጭ በሉ። የቡና ገለባ ነው፣ በትልቅ ቅል ነው የሚሰጣችሁ፣ ትኩስ ነው፣ ስኳር የለውም። በሁለት እጅ ተቀበሉ። ስትጨርሱ ማን እንደሆናችሁ ሰው አውቋል። ፎቶ ከዚያ በኋላ በስምምነት ይሆናል። ክፍያውን ከማንሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ አንስቶ መከራከር ነው ጠብ የሚያመጣው። ከመኪና መስኮት ማንሳት ደግሞ ነውር ነው፣ የእናንተን እናት ቡና ስታፈላ በመስኮት ቢያነሷት አስቡት።

የከብት ዝላይ ካጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ለእናንተ ተብሎ ግን አይደገስም። የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ልጁ ለጋብቻ የሚበቃበት ቀን። ሴቶቹ ሲገረፉ ታያላችሁ። ሊከብዳችሁ ይችላል፣ እኛም ቤት ውስጥ የምንከራከርበት ነገር ነው። በአስጎብኚያችሁ በኩል ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። እዚያው ቆማችሁ ፊት ማጨማደድ ግን ጥሩ አይደለም።

ለልጆች ከረሜላ አትበትኑ። ሁለት ሴቶች መሆናችሁ ችግር የለውም፤ እንዲያውም የእኛ እናቶች ፀጉራችሁን ለመቀባት ይሽቀዳደማሉ። በቅቤና በቀይ አፈር ነው የሚቀባው። ነጭ ትራስ ካለው ክፍል አትደሩ።

የገርጂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ማጎና ሙርሲ ተሰርዘዋል። እህቴ ጂንስ ጃኬቷን ይዛ ልትሄድ ነበር፣ አስቀመጠችው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሽንት ቤትስ? መንገድ ላይ ማለቴ ነው።

ባለ ላንድክሩዘሩ

ኮንሶ ላይ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦ ነው። ነጠላ ያዙ፣ አንዷ ትጋርዳለች። ቁጥቋጦው እሾህ ስለሆነ ሰንደል ጫማ አድርጋችሁ አትግቡ፣ ከመቀመጥ በፊትም መሬቱን በእንጨት መታ መታ አድርጉ።

የገርጂዋ

ተመለስን! ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፍ። ሦስቱንም ገበያ አይተናል። ማክሰኞ ስንመለስ ግን ውሃ ያዘን። ትልቁ ወንዝ አይደለም፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ጠባብ ቦይ። ሾፌራችን ሊገባ ሲል እህቴ "የአገሬው ሰው ይቅደም" ብላ ጮኸች። ሾፌሩ "እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት" አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ ገባ። ወገቡ ድረስ መጣ። 3 ሰዓት ጠበቅን፣ አርባ ምንጭ በጨለማ ገባን። የረቡዑ አውሮፕላን ባይኖር አልቆልኝ ነበር።

ሾፎሮው ጨው ቢጤ አለው፣ ማንም አልነገረኝም። ሦስት ጊዜ ተቀዳልኝ።

ባለፈው እሁድ ትኩሳት ቢጤ ተሰማኝ፣ ክሊኒክ ሄጄ ቆላ እንደነበርኩ ተናገርኩ፣ በደም ምርመራው ወባ አልተገኘብኝም። ዶክሲው 16 ቀን ይቀረኛል። የትራሴ ልብስ ግን አሁንም ቀይ ነው።